ከሞተ ዲስክ ፋይልን መመለስ፦ የፓሪቲ ሶፍትዌር በቤት ሰርቨር ላይ

የዛሬው ገለጻ ርእስ ሲነበብ ደረቅ ይመስላል፤ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ያልሆናችሁ ግን ከአሁኑ በሩን በሩን እንዳታዩ እለምናለሁ፤ ጉዳዩ ከሁሉ በላይ የሚመለከተው እናንተን ነው። የምናገረው በቤት ውስጥ ባለ ተራ ኮምፒውተር ላይ ከትእዛዝ መስመር ስለሚሠራ፣ ስናፕሬይድ ስለሚባል ሶፍትዌር ነው። አንድሪያ ማዞሌኒ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጡት፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ፣ ክፍያ የማይጠየቅበት ፕሮግራም ነው። ከብዙ ዲስኮች አንዱ ሲሞት በላዩ የነበረውን ከቀሩት ዲስኮች አስልቶ ይመልሳል። ትእዛዞቹን በአዳራሹ በላቲን ፊደል አሳይቻለሁ፤ በዚህ ጽሑፍ እንደ አነባበባቸው በፊደላችን ሰፍረዋል።

የታሪክና የቋንቋ ተማሪዎችን ለምን ይመለከታል? ስለ ሀዲያ የመካከለኛው ዘመን ታሪክ በጽሑፍ ያለን አብዛኛው ነገር ሌሎች የጻፉት ነው። የሀዲያው ገራድ ልጅ፣ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ባለቤት፣ በኋላም በዐፄ ልብነ ድንግል የልጅነት ዘመን አገር ያስተዳደሩት ንግሥት እሌኒ እንኳ ታሪካቸው የደረሰን በቤተ መንግሥት ዜና መዋዕልና በፖርቱጋሎች ጽሑፍ ነው። የአገሬው መዝገብ የሽማግሌዎች አንደበት ነበር። ኡልሪሽ ብራውኬምፐር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከሽማግሌዎች የሰበሰቡት የቃል ታሪክ፣ እ.ኤ.አ. በ1980 በጀርመንኛ ለታተመው የሀዲያ ታሪክ መጽሐፋቸው መሠረት ሆነ። የኢቮን ትራይስ የከምባትኛ ሰዋስው፣ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው፣ ያለ መስክ ሥራ አይታሰብም ነበር። ዛሬ ይህን መሰል ቅጂ የሚሰበስቡት ተማሪዎቻችን ናቸው። በሾኔ፣ በዱራሜ፣ በአንጋጫ፣ በዶዮገና እየዞሩ የዘር ሐረግ፣ የሽምግልና ሥርዐት፣ የእንሰት አተካከል ይቀዳሉ። ተናጋሪው ካረፉ በኋላ ያ ቅጂ ምትክ የለውም።

ታዲያ ቅጂው የት ነው ያለው? በአንድ ላፕቶፕ፣ ወይም ጠረጴዛ ዳር በተቀመጠ አንድ ውጫዊ ዲስክ። በ48 ኪሎ ኸርዝና በ24 ቢት በሁለት መስመር የተቀዳ ድምፅ በሰዓት 1 ጊጋባይት ያህል ይሆናል፤ ቪዲዮ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሁለት ሦስት የመስክ ወራት የተመላለሰ ተመራማሪ ቴራባይትን መሙላት አያቅተውም። የቤተሰብም ጉዳይ አለ። ከሆሳዕናና ከዱራሜ ወደ ደቡብ አፍሪካ ልጁን ያልሸኘ ሰፈር ማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ የሠርጉም የለቅሶውም ቪዲዮ እነሱ ይዩት ተብሎ ይቀረጻል፣ ከዚያም ማንም በማይጠብቀው ዲስክ ላይ ይከማቻል።

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ። ሦስት ጎተራዎች አስቡ፤ 7፣ 4 እና 9 ኩንታል ስንዴ ይዘዋል። በአራተኛ ቦታ ስንዴ የለም፤ ድምሩ፣ ማለትም 20፣ ብቻ ተጽፏል። ሁለተኛው ጎተራ ቢቃጠል ምን ያህል እንደነበረበት ለማወቅ ከ20 ላይ 7ንና 9ኝን መቀነስ ይበቃል፤ 4 ይመጣል። ስንዴን ቁጥር አይመልሰውም፤ ዲጂታል ፋይል ግን ራሱ ቁጥር ስለሆነ ቁጥሩ ከታወቀ ፋይሉ ተመለሰ ማለት ነው። አንዳንድ ጓደኞቼ ፓሪቲን በእድር ሊመስሉት ይወዳሉ። እኔ ምሳሌው አይዋጥልኝም፤ እድር ሐዘንተኛውን ያጽናናል እንጂ ሟቹን አይመልስም። ፓሪቲ ሟቹን ይመልሳል።

ኮምፒውተሩ የሚደምረው በአንድና በዜሮ ነው። በሦስት ዲስኮች ተመሳሳይ ቦታ ላይ 1፣ 0፣ 1 ቢኖር የአንዶቹ ብዛት ሙሉ ቁጥር፣ ማለትም 2 ነውና ፓሪቲው 0 ይሆናል፤ ብዛታቸው ጎዶሎ ቢሆን ኖሮ 1 ይጻፍ ነበር። መካከለኛው ዲስክ ሲጠፋ የቀሩት 1 እና 1፣ ፓሪቲው ደግሞ 0 ስለሆነ የጠፋው 0 መሆኑ ግልጽ ነው። ይህ ስሌት በትሪሊዮን ለሚቆጠሩ ቢቶች ይደገማል፤ ከዚህ የተለየ ምስጢር የለውም።

ሁለት ዲስኮች በአንድ ጊዜ ቢሞቱስ? አንድ እኩልታ ለሁለት የማይታወቁ አይበቃም፤ ሁለተኛ እኩልታ ያስፈልጋል። ያንኑ 7፣ 4፣ 9 ውሰዱና የመጀመሪያውን በ1፣ ሁለተኛውን በ2፣ ሦስተኛውን በ3 አባዝታችሁ ደምሩ፤ 42 ይሆናል። አሁን የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጠፉ እንበል። ከመጀመሪያው እኩልታ የሁለቱ ድምር 11 መሆኑን፣ ከሁለተኛው ደግሞ አንደኛው ሲደመር የሁለተኛው እጥፍ 15 መሆኑን እናገኛለን። ልዩነቱ 4 ነው፤ ሁለተኛው 4፣ አንደኛው 7። የስምንተኛ ክፍል አልጀብራ ነው። በተግባር እንዲህ ማባዛት ቁጥሮቹን ከአንድ ባይት በላይ ስለሚያሳድጋቸው፣ 256 አባላት ብቻ ባሉት የጋልዋ መስክ ውስጥ ይሰላል። ኤቫሪስት ጋልዋ እ.ኤ.አ. በ1832 በ20 ዓመቱ በዱኤል የሞተ ፈረንሳዊ ወጣት ነበር፤ ስለ ዲስክ አላሰበም። ሪድና ሰሎሞን እ.ኤ.አ. በ1960 በዚህ ሒሳብ ላይ የስሕተት ማረሚያ ኮዳቸውን ሠሩ፤ ፓተርሰን፣ ጊብሰንና ካትዝ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1988 በበርክሌይ ሬይድ የተባለውን የብዙ ርካሽ ዲስኮች አደረጃጀት በጽሑፍ አቀረቡ። ስናፕሬይድ እስከ ስድስት የፓሪቲ እርከን ይፈቅዳል፤ ለቤት አንድ ወይም ሁለት ይበቃል።

ከተለመደው ሬይድ የሚለይበት ነጥብ ለእኛ ከተሞች ወሳኝ ነው። በተለመደው ሬይድ 5 አንድ ፋይል ተቆራርጦ በሁሉም ዲስኮች ላይ ይበተናል፤ ፓሪቲውም ፋይሉ በተጻፈበት ቅጽበት ይሰላል። ሥርዓቱ መቋቋም ከሚችለው በላይ አንድ ዲስክ ቢጨመር ሁሉም ይጠፋል፤ በቀሩት ዲስኮች ላይ ያለው ቁርጥራጭ ብቻውን አይነበብም። በጽሕፈቱ መካከል መብራት ቢጠፋ ደግሞ መረጃው አዲስ፣ ፓሪቲው አሮጌ ሆኖ ሊቀር ይችላል። በስናፕሬይድ እያንዳንዱ ዲስክ ለብቻው የቆመ፣ ተነቅሎ በማንኛውም የሊኑክስ ኮምፒውተር ላይ የሚነበብ ዲስክ ነው። ፓሪቲው የሚሰላው እኛ ስናዝዘው ብቻ ነው። አንድ ፓሪቲ ኖሮን ሁለት ዲስኮች ቢሞቱ የሁለቱን እናጣለን፤ የቀሩት ግን ሙሉ ናቸው። አንድ ፋይል ሲከፈትም የሚሽከረከረው ያ ፋይል ያለበት ዲስክ ብቻ ነው፤ መብራት ጠፍቶ በባትሪ ላይ ላለ ሰው ይህ ቁም ነገር ነው።

የዲስኮቹ መጠን እኩል መሆን አያስፈልገውም። እኛ ዘንድ ዲስክ የሚገዛው ገንዘብ ሲገኝ አንድ አንዱ እየተባለ ነውና ይህን ጥቅም አቅልዬ አላየውም። በቤቴ ያለው አሮጌ ዴስክቶፕ 4፣ 4 እና 2 ቴራባይት የመረጃ ዲስኮችና አንድ 4 ቴራባይት የፓሪቲ ዲስክ ይዟል። በሬይድ 5 ቢዋቀር ሁሉም በትንሹ ልክ ስለሚቆጠሩ የሚገኘው 6 ቴራባይት ብቻ ነበር፤ በስናፕሬይድ 10 ነው። ሕጉ አንድ ነው፤ የፓሪቲው ዲስክ ከትልቁ የመረጃ ዲስክ ማነስ የለበትም። ቀድሞ በፋይል የተሞላ ዲስክም ሳይጸዳ እንዳለ ይገባል። ስለ ሙቀት ብዙ አትጨነቁ፤ አየራችን ለዲስክ ይስማማል። ስለ ከፍታ የሚጠይቅ ካለ፣ የዲስክ ማንበቢያ በአየር ላይ ስለሚንሳፈፍ አምራቾች ብዙውን ጊዜ 3,048 ሜትርን የመጨረሻ ወሰን ያደርጋሉ። ሆሳዕና ከ2,000 ሜትር ጥቂት ብትበልጥ ነው። በአምበሪቾ ተራራ ጫፍ ላይ ሰርቨር ሊተክል ያሰበ ግን ቆም ብሎ ያስብ።

ማዋቀሪያው አንድ የጽሑፍ ፋይል ነው። ፓሪቲው የት እንደሚቀመጥ፣ የመረጃ ዲስኮቹ የትኞቹ እንደሆኑ፣ የትኞቹ ጊዜያዊ ፋይሎች እንደሚታለፉ፣ ኮንተንት የሚባለው መዝገብ የት የት እንደሚጻፍ ይገለጽበታል። ይህን መዝገብ አትናቁት። የእያንዳንዱን ፋይል ስም፣ ቦታ፣ ሰዓትና የይዘት አሻራ የያዘው እሱ ነው፤ ያለ እሱ ፓሪቲው ትርጉም የሌለው የቁጥር ክምር ነው። ስለዚህ ቅጂው ቢያንስ ከፓሪቲው ብዛት በአንድ በልጦ በተለያዩ ዲስኮች ላይ ይቀመጣል።

ከዚያ በኋላ ሥራው በጥቂት ትእዛዞች ይከናወናል። «ስናፕሬይድ ዲፍ» ካለፈው ስሌት ወዲህ ምን እንደተጨመረ፣ ምን እንደተሰረዘ፣ ምን እንደተለወጠ ያሳያል፤ ምንም ነገር አይነካም። «ስናፕሬይድ ሲንክ» ፓሪቲውን ከአሁኑ ሁኔታ ጋር ያስተካክላል። የመጀመሪያው ሲንክ ረጅም ነው፤ ሁሉም ዲስኮች ጎን ለጎን ስለሚነበቡ ጊዜውን የሚወስነው ትልቁ ዲስክ ነው። በሰከንድ 100 ሜጋባይት ቢነበብ 4 ቴራባይት 11 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከዚያ ወዲያ የየዕለቱ ሲንክ የተለወጠውን ብቻ ስለሚነካ በደቂቃዎች ያልቃል።

አሥራ አንድ ሰዓት ሙሉ መብራት ሳይጠፋ? ጥያቄያችሁ ከፊታችሁ ይነበባል። ሲንክ ቢቋረጥ ትእዛዙን ደግሞ መስጠት ነው፤ ካቆመበት ይቀጥላል። በማዋቀሪያው ውስጥ «አውቶሴቭ» የሚል መስመር ጨምራችሁ ለምሳሌ በየ500 ጊጋባይቱ መዝገቡን እንዲያስቀምጥ ማድረግ ትችላላችሁ፤ እኔ በየ100 ጊጋባይቱ አድርጌዋለሁ። መብራት ሲመለስ ደግሞ ሌላ አደጋ አለ፤ ኮምፒውተሩ ተነሥቶ አንዱ ዲስክ ሳይያያዝ ይቀራል። ሶፍትዌሩ ዲስኩን ባዶ ሆኖ ሲያገኘው «ሁሉም ተሰርዟል» ብሎ ፓሪቲውን ቢያስተካክል መመለሻ ባልኖረ ነበር። ግን እንዲህ አያደርግም፤ የአንድ ዲስክ ፋይሎች በሙሉ ጠፍተው ካያቸው ሲንክን ያቆማል፤ ለመቀጠል ባዶነቱን አምኖ የሚያስገድድ ተጨማሪ ቃል ይጠይቃል። ያንን ቃል ከማን እንደሚያገኙት ሳያውቁ ገልብጠው የሚጽፉ ሰዎች አሉ። ዲስኩ መያያዙን ሳታረጋግጡ አትጻፉት።

ማንኛውም ተጠቃሚ ሊረዳው የሚገባው፣ ብዙ መመሪያዎችም ቸኩለው የሚያልፉት ነጥብ ይህ ነው። ወደ ጎተራዎቹ እንመለስ። ድምሩ 20 ተብሎ ከተጻፈ በኋላ ከመጀመሪያው ጎተራ 7ቱን አውጥተን ሸጥናቸው፤ መዝገቡን ግን አላስተካከልንም። በዚያው ሌሊት ሁለተኛው ተቃጠለ። ከ20 ላይ 9 ስንቀንስ 11 እናገኛለን፤ ከ11ዱ ስንቱ የሁለተኛው እንደሆነ የሚነግረን የለም። በዲስክም እንዲሁ ነው። ከአንዱ ዲስክ ላይ ፋይል ስትሰርዙ፣ እስከሚቀጥለው ሲንክ ድረስ የሚዳከመው በሌላው ዲስክ ላይ በዚያው ቦታ የተቀመጠው ፋይል ጥበቃ ነው። ስለዚህ ይህ መሣሪያ ለማይለዋወጥ ክምችት፣ ማለትም ለድምፅ ቅጂ፣ ለተቃኘ ሰነድ፣ ለፎቶግራፍ የተመቸ ነው። በየደቂቃው ለሚለወጥ የሒሳብ ዳታቤዝ አይሆንም። መሰረዝ ካለባችሁም ፋይሉን ወዲያው ከማጥፋት ይልቅ፣ በማዋቀሪያው ያልተገለለ፣ በዚያው ዲስክ ላይ ያለ የቆሻሻ ፎልደር ውስጥ አስገብታችሁ ሲንክ ሊደረግ ሲል ብቻ አጥፉት።

በተቃራኒው ይህ መዘግየት የሚጠቅምበት ጊዜ አለ። በፎቶ ኮፒ ቤቱ ሁሉ በፍላሽ የሚዞረውን፣ ፋይል ደብቆ አቋራጭ የሚያስቀምጠውን ቫይረስ የማያውቅ ተማሪ የለም። ቫይረስ ወይም የልጅ እጅ ፋይሎችን ቢያጠፋ፣ ሲንክ እስካልተደረገ ድረስ የትናንቱ ሁኔታ በፓሪቲው ውስጥ አለ። «ስናፕሬይድ ፊክስ» የሚለው ትእዛዝ ከ«ኤም» ምልክት ጋር የጎደሉትን ብቻ፣ ከ«ኤፍ» ጋር በስም የተጠቀሰውን ፋይል ብቻ ይመልሳል። ሌሊት በራሱ የሚነሣውን ሲንክ በአጭር ስክሪፕት መጠበቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ የኔው በመጀመሪያ ዲፍን ያካሂዳል፣ የተሰረዙት ከ50 ከበለጡ ሲንክ ሳያደርግ ይቆምና መልእክት ይተውልኛል።

«ስክረብ» የሚባለው ትእዛዝ ዝም ብሎ የሚበሰብሰውን ይፈልጋል። ዲስክ ሁልጊዜ ጮኾ አይሞትም፤ አንዲት ቢት ተገልብጣ የሽማግሌው ድምፅ መሃል ላይ ቢንኳኳ የሚሰማ የለም፤ የተበላሸውንም ፋይል በየዓመቱ ወደ አዲስ ዲስክ በታማኝነት እንገለብጠዋለን። ስክረብ የተቀመጠውን አንብቦ ከመዝገቡ አሻራ ጋር ያመሳክራል። ካልተነገረው በቀር በአንድ ጊዜ ከክምችቱ 8 በመቶውን፣ ያውም በቅርብ ዐሥር ቀናት ያልታየውን፣ ይፈትሻል፤ በየሳምንቱ ቢካሄድ በሦስት ወር ገደማ ሁሉም ይዳረሳል። ስሕተት ሲገኝ በ«ፊክስ» ላይ «ኢ» ምልክት ሲጨመር ምልክት የተደረገባቸው ብሎኮች ብቻ ይጠገናሉ። «ስታተስ» አጠቃላይ ሁኔታውን፣ «ስማርት» ደግሞ ዲስኮቹ ስለ ጤንነታቸው ራሳቸው የሚናገሩትን ያሳያል።

ባለፈው ክረምት ከሦስቱ የመረጃ ዲስኮች አንዱ ከእነ አካቴው መነበብ አቆመ። 2 ቴራባይቱ ነበር፤ በላዩ የተማሪዎች የመስክ ቅጂዎች ነበሩበት። በቦታው ሌላ ዲስክ ተገዝቶ ገባ፣ በማዋቀሪያው አድራሻው ብቻ ተቀየረ፣ ከዚያ «ፊክስ» በዲስኩ ስም ተሰጠ። ጥገናው መብራት እየጠፋ እየመጣ አንድ ሌሊትና ግማሽ ቀን ፈጀ። ሲያልቅ በ«ቼክ» ተፈተሸ፤ በመጨረሻው ሲንክ ጊዜ የነበሩት ፋይሎች በሙሉ አሻራቸው ትክክል ሆኖ ተመልሰዋል። ያልተመለሱት በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ የገቡ ሦስት ቅጂዎች ናቸው፤ ፓሪቲው ስለ እነሱ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ተማሪዋ የመቅረጫዋን ካርድ ገና ስላላጸዳች ከዚያ ተገለበጡ። ከዚያ ወዲህ ለሁሉም የምሰጠው ምክር ቀላል ነው፤ ሲንክ ተደርጎ ስታተስ ንጹሕ መሆኑ ሳይታይ ካርድ አይጸዳም።

ይህ ሁሉ ግን መጠባበቂያ ቅጂን አይተካም። አራቱም ዲስኮች በአንድ ሣጥን ውስጥ፣ በአንድ የኤሌክትሪክ ገመድ ላይ ናቸው። የክረምት መብረቅ፣ እሳት ወይም ሌባ አንዱን መርጦ አይወስድም። ስታብላይዘርና ዩፒኤስ ግዙ፤ ከዚያም ምትክ የሌለውን ክፍል ለይታችሁ በሌላ ከተማ ቅጂ አስቀምጡ። በሆሳዕናና በዱራሜ ግቢዎቻችን መካከል መምህራን በየሳምንቱ ይመላለሳሉ፤ በቦርሳ የሚያዝ አንድ ዲስክ ብዙ ይሠራል።

ከተሰብሳቢው የቀረቡ ሁለት ጥያቄዎችን ከነመልሳቸው እጨምራለሁ። አንድ ተማሪ «ዶክተር፣ ለምን በኢንተርኔት ወደ ውጭ ሰርቨር አንልከውም?» ሲል ጠየቀኝ። ትንሽ ከሆነ ይላክ። ግን እናስላው፤ በሰከንድ 10 ሜጋቢት ሳይቆራረጥ የሚልክ መስመር ቢኖራችሁ 1 ቴራባይት ለመላክ 800,000 ሰከንድ፣ ማለትም 9 ቀን ከ6 ሰዓት ያህል ያስፈልጋል። የዱራሜ አውቶቡስ ያንኑ በግማሽ ቀን ያደርሰዋል። ጽሑፍና ግልባጭ በኢንተርኔት ይሂድ፤ ድምፅና ቪዲዮ በአውቶቡስ።

ሁለተኛው ጥያቄ ከአንዲት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነበር፤ «በትክክል እንደሚሠራ ዲስክ ሳይሞት በምን አውቃለሁ?» አለች። ከሲንክ በኋላ አንድ የማይጎዳ ፋይል ምረጪ፣ ሌላ ቦታ ገልብጪና ከክምችቱ ውስጥ ሰርዢው። ሲንክ ሳታደርጊ «ፊክስ»ን በ«ኤፍ» ምልክትና በፋይሉ ስም እዘዢ። የተመለሰውን ከገለበጥሽው ጋር አመሳክሪ። ይህን በየሴሚስተሩ አንድ ጊዜ አድርጊው፤ ሙከራው ዐሥር ደቂቃ አይፈጅም።